ከ.222 ወደ .223 የተቀየረ ጠመንጃ፦ አረሩ በጎኑ ሲመታ፣ ቀለሃው ቀለበት ሲያወጣ

ከኮሎራዶ የጻፉልን አንባቢ ለኮዮቴ (ተኩላ መሰል አውሬ) እና ለፕሬሪ ዶግ (ጉድጓድ ቆፋሪ ትንሽ እንስሳ) አደን ብለው በሁለተኛ እጅ የገዙት ሬሚንግተን 700 በመጀመሪያ ለ.222 ሬሚንግተን ጥይት የተሠራ ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት ወደ .223 ሬሚንግተን አስቀይሮታል። እንደ ነገሩን ከሆነ ጠመንጃው በ50 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረር በጥሩ ሁኔታ ይመታል፤ በ55 ግሬን መስከረም ላይ ደህና የነበረው ጥር ላይ በወረቀቱ ላይ ሞላላ ቀዳዳ መተው ጀምሯል፤ 69 ግሬኑ ደግሞ ከመጀመሪያውም በጎኑ ነው የሚመታው። በዚህ ላይ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጥይት ተተኩሶ ሲወጣ፣ ቀለሃው ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያንጸባርቅ ቀለበት ይታይበታል። ጥያቄያቸው በርሜሉ አልቆ እንደሆነና ሪመር (በበርሜሉ ውስጥ የጥይቱን ማስቀመጫ የሚቆርጥ መሣሪያ) ገዝተው ራሳቸው ሊያስተካክሉት ይችሉ እንደሆነ ነው።

በርሜሉ አልቋል ብዬ አላምንም። ያለቀ በርሜል ሁሉንም አረር ይበትናል እንጂ፣ አጭሩን አስተካክሎ ልኮ ረጅሙን ብቻ አያገላብጥም። እኔ የምጠረጥረው ሁለት የተለያዩ ችግሮች መኖራቸውን ነው፤ አንደኛው ቻምበሩ (በበርሜሉ ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል) ከሚገባው በላይ ጠልቆ መቆረጡ፣ ሁለተኛው ደግሞ የበርሜሉ ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረው በውስጡ የተቆረጠ ጠመዝማዛ መስመር) ለረጅም አረር አለመሠራቱ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሄድስፔሱ (በመዝጊያው ማለትም በቦልቱ ፊትና ጥይቱ ወደ ፊት በሚቆምበት የቻምበር ክፍል መካከል ያለው ርቀት) በጌጅ (በመጠን መለኪያ ብረት) እስኪለካ ድረስ በዚህ ጠመንጃ አንድም ጥይት አይተኩሱ።

ቀለበቱን ለማረጋገጥ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ወስደው ያቃኑት፣ ጫፉን ወደ ጎን በትንሹ አጥፈው ያሹሉት፣ ከዚያም በተተኮሰው ቀለሃ አፍ አስገብተው ከግርጌው ወደ ላይ በግድግዳው ላይ ይጎትቱት። ከውጭ በሚያንጸባርቀው መስመር ትይዩ ሽቦው ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ከገባና ከያዘ፣ ነሐሱ ተስቦ ሳስቷል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ደረጃ መበጠስ ነው። ቀለሃ ለሁለት ሲበጠስ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት የሚመለስበት መንገድ አለው። አንባቢያችን ጥይቱን ራሳቸው ቢሞሉ ኖሮ መጀመሪያ የማስተካከያ ዳያቸውን (የተተኮሰ ቀለሃን ወደ መጠኑ የሚመልሰውን መሣሪያ) እጠረጥር ነበር፤ በፋብሪካ ጥይት ይህ ከታየ ግን ጥፋቱ የቻምበሩ ነው። በቀለሃው አካል ላይ ጥቃቅን የዙሪያ ጭረቶች ካዩ ደግሞ፣ ቀድሞ የሠራው ሰው በርሜሉን ቶርኖ ላይ ሳያስር፣ በእጅ መሰርሰሪያ ርካሽ ሪመር አስገብቶ፣ ያለ ጌጅ በግምት እንደቆረጠው ይታወቃል። የ.223 ትከሻ (ቀለሃው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ከ.222 ትከሻ በ0.17 ኢንች ገደማ ወደ ፊት ስለሚርቅ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ ጥቂት ሺኛ የኢንች ክፍልፋዮች ማለፍ ጠመንጃውን ለማበላሸት በቂ ነው።

አሁን ወደ ጥምዙ እንምጣ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና በዝርዝር ላስረዳ። በረራው ላይ አረር እንደሚሽከረከር እንዝርት ነው፤ በበቂ ፍጥነት ካልዞረ ይንገዳገድና ይገለበጣል። ምን ያህል መዞር እንዳለበት የሚወስነው በዋነኛነት ርዝመቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 ያወጡት ቀመር እስካሁን ለግምት ያገለግላል፤ የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በ150 አባዝቶ፣ ለርዝመቱ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር አረሩ አንድ ዙር መዞር ያለበትን ርቀት በኢንች ይነግረናል። እንደዚህ ላሉ ፈጣን ጥይቶች በ150 ፈንታ 180 ይወሰዳል። ውፍረቱ 0.224 ኢንች ከሆነ ለርዝመት የሚካፈለው ቁጥር 9 ያህል ይመጣል። 0.65 ኢንች ገደማ ለሚረዝም 50 ግሬን አረር በ14 ኢንች አንድ ዙር ይበቃዋል፤ 0.74 ኢንች ለሚሆን 55 ግሬን በ12 ኢንች አንድ ዙር ያስፈልጋል፤ 0.90 ኢንች ለሚደርሰው 69 ግሬን ደግሞ በ10 ኢንች አንድ ዙር። ሬሚንግተን .222ን በ1950 ሲያወጣ ታሳቢ ያደረገው 50 ግሬኑን ነበርና ጠመንጃዎቹ በ14 ኢንች አንድ ዙር ይሠሩ ነበር። ቻምበሩን ወደ .223 መቀየር ይህን ጥምዝ ቅንጣት አይለውጠውም።

የጥር ነገርም መልስ አለው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አረሩን የበለጠ ይታገለዋል፤ የኮሎራዶ ከፍታ ቀጭን አየር በሞቃት ቀን የደገፈው 55 ግሬን ብርዱ ሲመጣ ድንበሩን አለፈ። የመጀመሪያዎቹ ኤአር-15 ጠመንጃዎችም በ14 ኢንች አንድ ዙር ይሠሩ ነበር፤ በብርድ አየር ደካማነታቸው ስለታየ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 12 ኢንች ተቀይረዋል። አረሩ ሲረዝም ደግሞ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ኤም16ኤ2 በ7 ኢንች አንድ ዙር ሆነ።

ጥምዙን ለመለካት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አይተው ቦልቱን ያውጡ። እጀታው በነጻነት የሚዞር የጽዳት ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገው ከአፈሙዙ በኩል ጥቂት ካስገቡ በኋላ፣ ዘንጉ ላይ በአናቱ በኩል ምልክት ያድርጉ። ምልክቱ ዞሮ እንደገና አናት ላይ እስኪመጣ ድረስ የተገፋው ርዝመት የጥምዙ መጠን ነው። 14 ኢንች ካልሆነ ይጻፉልኝ፤ ግምቴ ተሳስቷል ማለት ነው።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ በ50 ግሬንና ከዚያ በታች ረክተው የሚቀጥሉ ከሆነ፣ ባለሙያ በርሜሉን ፈትቶ በአንድ የማሰሪያ ጥርስ ያህል ወደ ኋላ መመለስና ቻምበሩን በትክክል መልሶ መቁረጥ ይችላል። የሬሚንግተን 700 በርሜል በኢንች 16 ጥርስ ስላለው አንድ ጥርስ 0.0625 ኢንች ነው፤ ይህም የቀድሞውን ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ይቆርጠዋል። ቻምበሩ ተጣምሞ ከተቆረጠ ግን አይድንም። ረጅም አረር ከፈለጉ ገንዘብዎን በዚህ ላይ አያባክኑ፤ በ9 ኢንች አንድ ዙር የሆነ ደህና በርሜል ያስገጥሙ። የሁለቱ ጥይቶች ግርጌ አንድ ስለሆነ ቦልቱን መቀየር አያስፈልግም። ካዝናውን ግን ባሩድና ካፕሱል በሌለው የመለማመጃ ጥይት ይፈትኑት። ሪመር የመግዛቱን ሐሳብ ይተዉት፤ ጠልቆ የተቆረጠን ቻምበር ሪመር የበለጠ ያጠልቀዋል እንጂ አይመልሰውም። ሠራተኛው የፌዴራል ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ሲረከቡም የ«ጎ» (ቦልቱ ሊዘጋበት የሚገባው) እና የ«ኖ-ጎ» (ሊዘጋበት የማይገባው) ጌጁን ፊትዎ ላይ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የመምቻው መርፌና ማስፈንጠሪያው ወጥተው፣ ቦልቱ በሁለት ጣት ግፊት ብቻ በ«ጎ» ላይ መዘጋት፣ በ«ኖ-ጎ» ላይ መቆም አለበት። ይህን እስኪያዩ ድረስ አሁንም አይተኩሱ።

በርሜሉን ባይቀይሩት እንኳን፣ ላዩ ላይ .222 የሚል ጽሑፍ ብቻ ከቀረ አዲሱ የጥይት ስም ይቀረጽበት፤ የቀድሞው ሠራተኛ ይህን ሳያደርግ መተዉ ከሁሉ የሚያናድደኝ ነገር ነው። የ.222 ጥይት በ.223 ቻምበር ውስጥ ይገባል፣ ትከሻው ግን የሚደገፍበት የለውም፤ ስለዚህ ከጠመንጃው ጋር አብረው የተሰጡዎት የ.222 ፓኬቶች ካሉ ከ.223ቱ ለይተው በሌላ ሣጥን ይቆልፏቸው፣ ቀለበት የታየባቸውንም ቀለሃዎች ማንም መልሶ እንዳይሞላቸው በፒንሳ ጨፍልቀው ይጣሏቸው።