የፓሪሽ ካውንስል ጸሐፊ ለመሆን ለምታስቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር እየኖራችሁ በፓሪሽ ካውንስል፣ ማለትም በመንደር ደረጃ ባለ የአካባቢ ምክር ቤት፣ በጸሐፊነት ለመቀጠር ለምታስቡት ነው። ዕድሜዬን የሠራሁበትን ሙያ እወደዋለሁ፤ ብቻችሁን ሆናችሁ እንድትጀምሩት ግን አልፈልግም።

እነዚህ ትንንሽ ምክር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ ሲሆኑ ዛሬ በእንግሊዝ ወደ 10,000 ይጠጋሉ። መካነ መቃብር፣ የልጆች መጫወቻ፣ የመንደር አዳራሽ ያስተዳድራሉ። በብዙዎቹ ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከቤቱ ሆኖ በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ይሠራል። ግራ ሲገባው ዞር ብሎ የሚያማክረው ባልደረባ የለውም።

ግራ መግባቱ ደግሞ አይቀርም። ሰብሳቢው ደውሎ «ለአጥር ሠሪው ክፈል» ይላል። የቀጠራችሁ ግን ምክር ቤቱ በጠቅላላው ነው፤ አንድ ተመራጭ ብቻውን እንዲወስን ሕጉ አይፈቅድለትም። እኛ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን እየሰማን ያደግን ነንና «ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አሰፍረዋለሁ» ማለት ይከብደናል። ተለማመዱት። አጀንዳውም ከስብሰባው ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት፤ የወጣበት ቀን፣ የስብሰባው ቀን፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠሩም።

የሃንድፎርዝ ፓሪሽ ካውንስል በዲሴምበር 2020 በዙም ያደረገው ስብሰባ ቪዲዮ በ2021 መጀመሪያ ሲሰራጭ ዓለም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስብሰባውን ለማገዝ የገባችው ጃኪ ዊቨር የቼሻየር የአካባቢ ምክር ቤቶች ማኅበር ዋና ኃላፊ ነበረች፤ «እዚህ ሥልጣን የለሽም» እየተባለ የተጮኸው በእሷ ላይ ነው። እሷ ከኋላዋ ማኅበር ነበራት። ማንም የሌለው ጀማሪ ጸሐፊ እንዲህ ሲጮኽበት አስቡት።

ስለዚህ ማኅበራቱን ለይታችሁ እወቁ። በ1947 የተመሠረተው ናልክ የምክር ቤቶቹ ማኅበር ነው፤ በየካውንቲው (በየአውራጃው) ያሉት ማኅበራትም እንዲሁ ምክር ቤቶችን በአባልነት ይዘው የሕግ ምክርና ሥልጠና ይሰጣሉ። ኤስኤልሲሲ የሚባለው ደግሞ በ1972 የተቋቋመ የጸሐፊዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነው። ሥራው ሰላም ሲሆን ሁለቱም ይጠቅሟችኋል። ከምክር ቤቱ ጋር ስትጣሉ ግን የካውንቲው ማኅበር አባል ቀጣሪያችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ብዙ ወጣቶች ይህን የሚረዱት ነገሩ ከከረረ በኋላ ነው፤ ያሳዝነኛል። ሳይቸግራችሁ ኤስኤልሲሲ ግቡ፤ በአካባቢያችሁ ያሉ ጸሐፊዎች በሚገናኙበት ቦታ ተገኙ፤ ቢያንስ የሁለት ልምድ ያላቸውን ሰዎች ስልክ ያዙ።

ሲልካ የተባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫም አትዘግዩበት። በ2011 የወጣው የሎካሊዝም ሕግ ለፓሪሽ ካውንስል ሰፋ ያለ አጠቃላይ ሥልጣን፣ ማለትም ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ የማድረግ ሥልጣን፣ የሚፈቅደው ጸሐፊው አስፈላጊው የሙያ ማረጋገጫ ሲኖረውና ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በምርጫ የገቡ ሲሆኑ ነው። የእናንተ ወረቀት የምክር ቤቱንም አቅም ያሰፋል ማለት ነው፤ የሥልጠናውን ወጪ እንዲሸፍንላችሁ ስትጠይቁ ይህን ንገሯቸው።

የአባልነት መዋጮውንም ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 143 ምክር ቤቱ ለሠራተኞቹ ማኅበር ተገቢ መዋጮ እንዲከፍል ይፈቅድለታል። አንቀጹን ጠቅሳችሁ ጥያቄውን ከዓመቱ በጀት በፊት አጀንዳ ላይ አስፍሩት።