የፈርዖንን ግብር ማን ይለካው ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እነዋሪ ገበያ እህል እሸጣለሁ። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ዮሴፍ ከአዝመራው አምስተኛው እጅ ለፈርዖን እንዲሆን እንደደነገገ አነበብኩ። በዚያ ዘመን ሳንቲም አልነበረም ይላሉ። ታዲያ ሰዉ በምን ይከፍል ነበር? ስንት እንደሚከፍልስ ማን ይወስንበታል?
እህትዎ፣ ከሞረትና ጅሩ

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ገበሬው በእህል ይከፍላል፤ በገብስ፣ እኛ አጃ በምንለው የስንዴ ዓይነትም። ከብት ያለው በከብት፣ ሸማኔው በጨርቅ። ከዚያ ላይ የጉልበት ሥራ አለ፤ ቦይ መቆፈር፣ ድንጋይ መጎተት። ፒራሚዶቹ በተሠሩበት ዘመን የከብት ቆጠራ ትልቅ ጉዳይ ስለነበር ዓመቱን ሳይቀር የሚጠሩት በእሱ ነበር። «በንጉሡ ይህን ያህልኛው ቆጠራ» እያሉ ይጽፋሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። በግብፅ ሉክሶር ከተማ አጠገብ ሜና የሚባል የእርሻ ሹም መቃብር አለ። ዕድሜው 3,400 ዓመት ገደማ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዎች ያልታጨደ ሰብል ውስጥ ገመድ ወጥረው ሲለኩ ተስለዋል። ጸሐፊዎቹ አብረዋቸው አሉ። አውድማው ላይ ደግሞ እህሉ ሲሰፈር ይታያል፤ ጸሐፊዎቹ እዚያም ይመዘግባሉ። ዱላ የሚወርድበት ሰውም አለ። በሸዋ ቀላድ፣ ማለት የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ሲጣል የሰማ ሽማግሌ ይህን ሥዕል ቢያይ አስረጂ አያሻውም። የእነሱ የመሬት መለኪያ 2,700 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ጥማድ ብዙም አይርቅም።

የዓባይ ሙላትም በየዓመቱ ይለካል። ከፍታው በክንድና በጣት ተመዝግቦ ይቀመጣል። ውኃው ካነሰ ረሃብ ነው፤ ከበዛም ግድቡን ይሰብራል። ከሙላቱ የመጪው አዝመራ ይገመታል። ያ ሙላት በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነው። የመንዝና የጅሩ ዝናብ በጀማ ወንዝ ወርዶ ዓባይ ይገባል። የፈርዖን ጎተራ እዚህ በሚዘንበው ዝናብ ይሞላ ነበር ማለት ነው። ይህንን ለልጆች ስናስተምር ለምን እንደምንዘለው አይገባኝም።

ገበሬውን የሚጎዳው ግን ግምቱ ነው። አያቴ መንዝ ውስጥ አስራት ገማቹ ክምሩን አይቶ የጠራው ቁጥር ይጸና ነበር ትለን ነበር። በቁና ሲሰፈር እዚያ አይደርስም። በግብፅም ሹማምንቱ ድሃውን ያስቸግሩት ነበር። ንጉሥ ሆረምሄብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1300 ገደማ ካርናክ በሚባለው ቤተ መቅደስ አዋጅ በድንጋይ አስቀርጿል። ግብር የሚያደርስ ሰው ጀልባውን ቢቀማ፣ የቀማው አፍንጫው ተቆርጦ ወደ ድንበር ምሽግ ይጋዛል። የገበሬ ቆዳ የዘረፈ ወታደር 100 ዱላ ይቀበላል። ቅጣቱ ያስፈራል። ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የሚወጣው ዝርፊያው ሲበዛ ነው።

አምስተኛውን በተመለከተ፣ የተገኙት የግብፅ መዝገቦች አንድ ወጥ መጠን አያሳዩም። እንደ መሬቱና እንደ ባለመሬቱ ይለያያል። በፈርዖን ራምሴስ 5ኛ በነገሠ በ4ኛው ዓመት የተጻፈና 10 ሜትር ገደማ የሚረዝም የፓፒረስ ጥቅል አለ። የቤተ መቅደስና የመንግሥት ማሳ በየባለይዞታው ተዘርዝሮበታል። ካህናት አሉበት፣ ወታደሮች አሉበት፣ ሴቶችም አሉበት። ኦሪት የካህናቱ መሬት ከአምስተኛው ነፃ ነበር ይላል። ለአንዳንድ ቤተ መቅደሶች ነፃነት የሚሰጡ የፈርዖኖች አዋጆችም ተገኝተዋል።

አንቺ ነጋዴ ነሽና እህሉ የት ይገባል ማለትሽ አይቀርም። ደመወዝ ይሆናል። የነገሥታቱን መቃብር የሚቆፍር አንድ ሠራተኛ በወር 5 ጆንያ ተኩል ያገኝ ነበር፤ ጆንያው 77 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፈርዖን ራምሴስ 3ኛ በነገሠ በ29ኛው ዓመት ይህ ቀለብ ዘገየ። ሠራተኞቹም ሥራ አቁመው ቤተ መቅደሶቹ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ርቦናል፣ ጠምቶናል አሉ። በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይኸው ነው።