ማስተሪንግ ለምትጀምሩ ወጣቶች፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ድምፁን እኩል አድርጉ

ይድረስ በድምፅ ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች።

ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ዘፈኔ ከሌሎች ዘፈኖች መሃል ሲገባ ለምን ያንሳል?» የሚል ነው። መልስ አለው፤ እመጣበታለሁ። ግን ከአድማጩ ብንነሳ ይሻላል። አድማጭ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታው መሣሪያ) ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ድምፁ ያለ ዕረፍት ከተደቀነበት ግን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዘፈን ላይ ይታክተዋል፤ ለምን እንደታከተው ሳያውቅ ያጠፋዋል። ግጥሙም ዜማውም ያማረ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ማስተሩ፣ ማለትም ሁሉም መሣሪያ ከተዋሃደበት ሚክስ ተነስቶ ለሥርጭት የሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ፣ በወጉ ከተሠራ ደግሞ ያው አድማጭ ድምፁን ራሱ ከፍ ያደርጋል። ሥራችን እሱ እንዲጨምረው ማድረግ ነው፤ እኛ ቀድመን ከጨመርንበት የሚቀረው መቀነስ ብቻ ነው።

ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ሁለት ድምፅ ብታሰሙት ከፍ ያለውን ይመርጣል። ልዩነቱ ግማሽ ወይም አንድ ዴሲቤል ከሆነ ደግሞ ከፍ ማለቱን እንኳ ልብ አይልም፤ «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቀረበ» ነው የሚለው። ድምፅ የሚጨምር ማንኛውም ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚያስተካክል ተጨማሪ ፕሮግራም) ምንም ሳይሠራ የሠራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኢኩላይዘርም (ባሱን፣ መሃሉንና ቀጭኑን ለየብቻ የሚያስተካክል) ይሁን ኮምፕሬሰር (የጎላውን የሚያለዝብ) ስታስገቡ የመውጫውን መጠን ከመግቢያው ጋር እኩል አድርጉ። አዝማቹን ብቻ እየደጋገማችሁ አጫውቱ፣ በሉፍስ (ጆሮ እንደሚሰማው የሚለካ አማካይ የድምፅ መጠን) መለኪያ ለኩ፣ ልዩነቱን ከ0.2 በታች አውርዱት፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ባይፓሱን (ያስገባችሁትን ለጊዜው የሚዘልለውን ቁልፍ) አብሩ አጥፉ። ብዙ ጊዜ ያስገባችሁት ነገር ምንም እንዳልጨመረ ወይም እንዳበላሸ ትሰማላችሁ። ያኔ አውጡት። ለማነጻጸሪያ የምታመጡት የሌላ ሰው ዘፈንም በዚሁ ሕግ ይዳኛል፤ ማስተር የተደረገ ሥራ በእጃችሁ ካለው ሚክስ በብዙ ዴሲቤል ስለሚበልጥ ዝቅ ሳታደርጉት ብታወዳድሩት ሁልጊዜ ትሸነፋላችሁ።

የማዳመጫ መጠናችሁም ቋሚ ይሁን። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከመሃሉ ይልቅ ባሱን አብልጦ ያጣል። ዛሬ ከፍ አድርጋችሁ ነገ ዝቅ አድርጋችሁ ከሠራችሁ ባሱ ከዘፈን ዘፈን ይለያያል። በትልቅ ክፍል ለአንድ ስፒከር 83 ዴሲቤል የተለመደ መነሻ ነው፤ በትንሽ ክፍል ከ73 እስከ 76 ይበቃል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጉና እዚያ ላይ ሥሩ።

አሁን ወደ ጥያቄው። አንድ ዘፈን በሁለት መንገድ ማስተር ተደርጓል እንበል። አንዱ ሊሚተር ውስጥ ተጨፍልቆ -8 ሉፍስ ደርሷል፤ ሌላው -14 ላይ ቀርቷል። የሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም ከሁሉ የጎላው ቅጽበት፣ ከዲጂታሉ ጣሪያ ከ0 ሲቆጠር -1 ዴሲቤል ነው። ስፖቲፋይ፣ አድማጩ ቅንብሩን ካልነካው፣ ዘፈኖችን ወደ -14 ሉፍስ ያመጣል። የመጀመሪያውን በ6 ዴሲቤል ይቀንሰዋል፤ ጫፉ -7 ላይ ይወርዳል። ሁለተኛውን አይነካውም፤ ጫፉ እዚያው -1 ላይ ነው። አሁን በአማካይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው የኪክና የስኔር (የትልቁና የትንሹ ከበሮ) ምት ከአማካዩ እስከ 13 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል፤ በመጀመሪያው 7 ብቻ። እንግዲህ «ያነሰው» የትኛው ነው? ለማጮህ ተብሎ የተጨፈለቀው ነው። መድረኩ (ስፖቲፋይ) ጩኸቱን ወሰደበት፣ ጭፍለቃው ግን ቀረለት።

አፕል ሙዚክ ሳውንድ ቼክ የተባለው ማስተካከያው ሲበራ ወደ -16 አካባቢ ያመጣል። ዩቲዩብ ከ-14 አካባቢ የበለጠውን ይቀንሳል እንጂ ያነሰውን ከፍ አያደርግም። በአውሮፓ ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አር 128 የተባለው መመሪያ -23 ነው። ታዲያ «ሁሉንም -14 አድርገህ ላክ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። አንዳንድ አድማጭ ማስተካከያውን ያጠፋዋል፣ ዲጄም ፋይሉን እንዳለ ነው የሚያጫውተው፣ ደግሞም አንዳንድ የሙዚቃ ስልት ጥግግት ይፈልጋል። በእኔ ሚዛን ከባድ የዳንስ ሙዚቃ -9 ላይ ቢያርፍ ክፉ አይደለም፣ ያ ጥግግት ከሚክሱ የመጣ እስከሆነ ድረስ። በአንድ ጊታር የታጀበን ዘፈን እዚያ ማድረስ ግን ግፍ ነው። ቁጥሩን መጨረሻ ላይ እዩት፤ ዒላማ አታድርጉት።

የጩኸት ውድድሩ ከእናንተ በፊት የነበረ ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ 16 ቢት፣ ማለትም 96 ዴሲቤል ገደማ ስፋት ይዞ መጣ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ዲጂታል ሊሚተር ያንን ሁሉ ስፋት ትተን ከላይኛዋ ጥግ ላይ እንድንጨናነቅ አደረገን። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሮክ ባንዱ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ላይ ተራ አድማጮች ሳይቀሩ አቤት ብለዋል፤ ያው አልበም ጊታር ሂሮ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ከሲዲው ያነሰ ተጨፍልቆ ስለነበር ልዩነቱን በጆሯቸው ማመሳከር ቻሉ። አድማጭ አይለይም የሚላችሁን አትመኑ።

ሊሚተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚያ ነው። ድምፁ በጣም በሚጠነክርበት ቦታ ከ1 እስከ 3 ዴሲቤል ቢቀንስ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ሪሊዙን፣ ማለትም ሊሚተሩ ከቀነሰ በኋላ ድምፁን እስኪለቅ የሚወስደውን ጊዜ፣ በጣም ካሳጠራችሁት ባሱ ይሻክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ዙር የሚፈጀው 20 ሚሊሰከንድ ነው። ሊሚተሩ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ከለቀቀ በየምቱ መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱን ሞገድ ተከትሎ ይወርዳል ይወጣል፤ ቅርፁን ያበላሸዋል፤ የሚሰማችሁ መቧጠጥ እሱ ነው። ሪሊዙን ካስረዘማችሁት ደግሞ ኪኩ በተመታ ቁጥር ድምፃዊው ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ሙዚቃው ያለከልካል። በሁለቱ መሃል የዘፈኑን ምት እየሰማችሁ ፈልጉ። ሌላው ምልክት አዝማቹ ነው። ሚክሱ ላይ አዝማቹ ሲገባ ደረት የሚነፋ ከነበረ፣ ማስተሩ ላይ ግን ከመግቢያው ግጥም ጋር እኩል ከሆነ፣ ከልክ አልፋችኋል።

ሊሚተሩ ምን እንደበላ ለመስማትም መንገድ አለ። የተሠራውን ፋይልና ያልተሠራውን በመጠን እኩል አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጣችሁ (የሞገዱ ላይ ታች እንዲሆን) አብራችሁ አጫውቱ። የሚቀረው ድምፅ የተወሰደው ነው። አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ግድ የለም። ስኔሩ ከነቅርፁ፣ ወይም የድምፃዊው ቃል ከተሰማ ግን የዘፈኑን ሥጋ እየቆረጣችሁ ነው።

ከ4 ዴሲቤል በላይ መጭመቅ ካስፈለጋችሁ ችግሩ ማስተሪንጉ ላይ አይደለም። ከ30 ኸርዝ በታች ማንም የማይሰማው ጉርምርምታ ቦታውን ይዞት ይሆናል፤ ወይም አንድ ኪክ ብቻውን ከሁሉም በላይ ተወርውሯል። ሚክስ ወደሠራው ሰው መልሱት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ? አንድ ቻናል (የአንድ መሣሪያ መስመር) ላይ 2 ዴሲቤል መቀነስ፣ በጠቅላላው ዘፈን ላይ ከሚደረግ ማንኛውም ብልሃት ይበልጣል። የሚያፏጭ «ሰ»ም እንደዚሁ ነው። ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለውን ማስተሩ ላይ ብትጫኑት ጸናጽሉ አብሮ ይደበዝዛል፤ ድምፃዊው ቻናል ላይ ቢጫኑት ግን ማንም አይጎዳም።

ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ አጥርታችሁ ጠይቁ። ባለ 24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት ዌቭ (ያልተጨመቀ) ፋይል፣ በተቀዳበት ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ)፣ ጫፉ ከ-6 እስከ -3 ዴሲቤል፣ ማስተር ትራኩ ላይ ያለው ሊሚተር የተነሳለት። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳውን ወደ 96 ማሳደግ ምንም አይጨምርም። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ሁለት ሁለት ሰከንድ ባዶ ይተውላችሁ። ደንበኛው ሲሰማው የከረመውን የጮኸውን ቅጂም ለብቻ አስልኩ፤ ጆሮው ምን እንደለመደ ካላወቃችሁ «የበፊቱ ይሻል ነበር» ሲል ምክንያቱ አይገባችሁም።

ኢኩላይዘር ላይ እጃችሁ ይቆጠብ። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ መሃል ድምፁ ከታፈነ በሰፊው አንድ ዴሲቤል ቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ 3 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስትነኩ ራሳችሁን ብታገኙት፣ ወይ ሚክሱ ታሟል ወይ ክፍላችሁ ይዋሻል። ክፍል በእርግጥም ይዋሻል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ ይጮሃል፤ ግድግዳው አጠገብ ይጎላል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። መሃል የተቀመጠ ሰው «ባስ የለውም» ብሎ ይጨምራል፤ አድማጩ መኪና ውስጥ መስኮቱ ይንቀጠቀጥበታል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ ይህንን አይፈታም። ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ክፍሉን ያደነዝዘዋል፣ ባሱ ግን እንደነበረ ይዘላል። ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለው ድምፅ መጣጭ በክፍሉ ማዕዘኖች ላይ አቁሙ፤ ወንበራችሁንም ከመሃል ፈቀቅ አድርጉ። ለዚህ አቅም ከሌለ ጀርባው ክፍት የሆነ ጥሩ ሄድፎን ከመጥፎ ክፍል ይሻላል፤ ግራና ቀኙን ከልክ በላይ እንደሚያራርቅ ግን አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚሰማው በስልክና በአንድ የብሉቱዝ ሳጥን ነው። ስቴሪዮ ማስፊያ ፕለጊን ያበዛ ሰው ተቀባዮቹ እዚያ ሲጠፉ ያያል፤ የግራው ሞገድ ሲወጣ የቀኙ ስለሚወርድ ሲደመሩ ይሰራረዛሉ። ግራና ቀኙን የሚደምረውን የሞኖ ቁልፍ ተጫኑ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጉ፣ ድምፃዊውና ስኔሩ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን ስሙ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው መሃል ላይ ይሁን። ለሸክላ የሚሄድ ሥራ ከሆነ ይህ ምርጫ አይደለም፤ የተራራቀ ባስ መርፌውን ከጎድጓዱ ሊያስወጣው ይችላል።

አልበም ስትሠሩ ዘፈኖቹን በመለኪያ አታመጣጥኗቸው። ለስላሳው ዘፈን ከጠንካራው ጋር በሉፍስ እኩል ከሆነ ድምፃዊው በድንገት ጆሮ ውስጥ ይገባል። የድምፃዊውን ድምፅ ከዘፈን ዘፈን እየተከተላችሁ አመጣጥኑ። ስፖቲፋይ አልበሙ ሙሉውን ሲጫወት በዘፈኖቹ መሃል ያለውን ልዩነት እንደተዋችሁት ይተወዋል።

ጆሯችሁን በተመለከተ፦ ገደቡ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት፣ 88 ለአራት ሰዓት፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮው የደከመ ሰው ቀጭኑን ድምፅ ይጨምራል፤ ማታ ብሩህ የመሰላችሁ ጠዋት ይወጋል።

ስታስረክቡ ጫፉን -1 ዴሲቤል ትሩ ፒክ (በናሙናዎቹ መሃል ያለውንም ጫፍ የሚቆጥር ልኬት) ላይ ተዉት፤ ማስተሩ ከ-14 ሉፍስ የጮኸ ከሆነ -2። ፋይሉ መጠኑ እንዲያንስ በመድረኮቹ ሲጨመቅ የሞገዱ ቅርፅ ስለሚለወጥ 0 ላይ የነበረው ጫፍ ከላይ ያልፍና ይቆረጣል። ወደ 16 ቢት የምትወርዱ ከሆነ ዲዘር (ቢት ሲቀነስ የሚመጣውን መዛባት የሚሸፍን ስስ ሹክሹክታ) አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻው እርምጃ ሆኖ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን አትንኩት። ኤምፒስሪ አትላኩ፣ መድረኩ ራሱ እንደገና ስለሚጨምቀው ጉዳቱ ይደራረባል። በመጨረሻም ያስረከባችሁትን ያንኑ ፋይል ከፍታችሁ፣ ፕሮጀክቱን ሳይሆን ፋይሉን፣ በሄድፎን ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ስሙ። የመጀመሪያው ምት ግማሹ ተቆርጦ፣ የመጨረሻው ማስተጋባት ሳያልቅ ተዘግቶ፣ ወይም መሃል ላይ አንዲት ጠቅታ ገብታ የምትገኘው ያኔ ነው።