ጉሮሮ ሲያማችሁ ጂፒው ፊት ምን ትላላችሁ?

እንግሊዝ አገር ጉሮሮውን ታሞ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ የሄደ ሐበሻ ይቺን ነገር ያውቃታል። ምራቅ መዋጥ ጭንቅ ሆኖባችሁ፣ ከሥራ ቀርታችሁ፣ በስንት ልፋት የተገኘው ቀጠሮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ፈሳሽ አብዙ» ተብሎ ያልቃል። እኔም «ስደተኛ ብሆን ነው የናቁኝ» እያልኩ ስብሰለሰል ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ።

ከዚያ የልጄ ነገር መጣ። 16 ዓመቱ ነበር። አንገቱ አብጦ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ወሰድኩት። ጂፒዋ አየችውና የደም ምርመራ አዘዘች፤ አንቲባዮቲክ ግን እምቢ አለች። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከበርበሬና ከሽሮው ጋር በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን ቤቴ ነበረኝ። እናት ነኝ፣ አልቻልኩም፣ ሰጠሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውነቱ ሁሉ ሽፍታ ሆነ። ምርመራው ሲመጣ ግላንዱላር ፊቨር ነው ተባለ። ይሄ በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ወጣቶችን ይወዳል፤ ድካሙ ሳምንታት ይቆያል። አንቲባዮቲክ አይነካውም። ጭራሽ እሱን የያዘው ሰው አሞክሲሲሊን ሲወስድ ሽፍታ እንደሚወጣበት ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ጣፊያው ሊያብጥ ስለሚችል ለሳምንታት ኳስ እንኳ ተከለከለ።

አሁን ወደ ጂፒው ሂሳብ ልምጣ። አዎ፣ ሂሳብ አላቸው። ፊቨርፔይን ይሉታል። አምስት ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ባለፉት 24 ሰዓታት ትኩሳት ነበር? ቶንሲሉ ላይ መግል አለ? ሕመሙ በጀመረ በ3 ቀን ውስጥ ነው የመጣችሁት? ቶንሲሉ ክፉኛ ቀልቶ አብጧል? ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ የለም? 0 ወይም 1 ካገኛችሁ አንቲባዮቲክ የለም። 2 ወይም 3 ከሆነ ወይ ባዶ እጃችሁን ትሸኛላችሁ፣ ወይ «ከ3 እስከ 5 ቀን ጠብቃችሁ ካልተሻላችሁ ግዙት» ተብሎ ማዘዣ ይሰጣችኋል። 4 ወይም 5 ከሆነ ወዲያው ሊታዘዝላችሁ ይችላል።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። እኛ እኮ ካላማረርን የሚሰጡን አይመስለንም። «ሳሉ ገደለኝ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ራሴን ይፈልጠኛል» እያልን እንደረድራለን። ሳልና ንፍጥ ካለ ነገሩ ጉንፋን የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሳል በጨመራችሁ ቁጥር ነጥብ እየቀነሳችሁ ነው! የሌለ ነገር አትጨምሩ፣ ያለውን አትደብቁ። ጠዋት ፓራሲታሞል ውጣችሁ ከሄዳችሁም ተናገሩ፤ ትኩሳታችሁ በመድኃኒቱ ወርዶ ይሆናል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ «ጉሮሮሽን በጥጥ ጠርገው አልመረመሩሽም?» ብላ ትገረማለች። እዚያ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ ምርመራ አለ። እዚህ እንደዚያ የተለመደ አይደለም። ደግሞ ባክቴሪያ ቢሆን እንኳ አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ አንቲባዮቲኩ ሕመሙን የሚያሳጥረው በአማካይ በ16 ሰዓት ገደማ ነው። ሲታዘዝም ብዙውን ጊዜ ተራው ፔኒሲሊን ነው፣ ከ5 እስከ 10 ቀን የሚወሰድ።

«ቶንሲል እኮ ወደ ልብ ይሄዳል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቶቻችን አልተሳሳቱም። ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ይይዝና ሰውነት እሱን ሲዋጋ የገዛ ልቡን ቫልቭ የሚጎዳበት በሽታ አለ፤ ሩማቲክ የሚባለው። አገራችን ውስጥ ዛሬም ብዙ ልጆችን ይጎዳል። እዚህ ግን ብርቅ ስለሆነ ጂፒው ላያስበው ይችላል። ስለዚህ እናንተ ወይ ልጃችሁ አገር ቤት ሩማቲክ ተብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ወይም በየወሩ የቤንዛቲን መርፌ (ሩማቲኩ እንዳይመለስ የሚሰጥ ፔኒሲሊን) ትወጉ ከነበረ፣ ስለ ጉሮሮው ከማውራታችሁ በፊት ይሄን ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነጻ ነው። አውሮፓ ገባን ብሎ መርፌውን በራስ ማቆም ትልቅ ስህተት ነው።

የእንቅርት ሆርሞን በዝቶባችሁ ካርቢማዞል የምትወስዱም አላችሁ። እናንተ ጉሮሮ ሲያማችሁ ወይም ሲያተኩሳችሁ ጦስኝ አፍልታችሁ አትጠብቁ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚያጠፋ በዚያው ቀን ደም መመርመር አለባችሁ።

በነገራችን ላይ በልጅነታችሁ እንጥላችሁን የተቆረጣችሁ፣ ጂፒው አፋችሁን በባትሪ አይቶ ግራ ቢገባው አትሳቀቁ። ንገሩትና ይቀጥል።

የልጆች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ2022 መጨረሻ እዚህ አገር ስካርሌት ፊቨር (በዚያው በስትሬፕ የሚመጣ፣ ሽፍታ የሚያወጣ የልጆች ሕመም) በዝቶ ፔኒሲሊን ከፋርማሲ እስከ መጥፋት ደርሶ ነበር። ሽፍታው ነጭ ልጅ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይለይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱ፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ከሻከረ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚያፏጭ፣ አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ከሆነ ግን፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ 999 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ለሌላው ለሌላው ማር በዝንጅብል፣ ለብ ባለ ጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ፓራሲታሞል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ብዙ ሰው ያልሰማውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ፣ ዕድሜው 5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለጉሮሮ ሕመም በቀጥታ ፋርማሲ መሄድ ይችላል። ባለሙያው ጉሮሮውን ያያል፣ ያንኑ ሂሳብ ይሠራል፣ ካስፈለገም ፔኒሲሊኑን ራሱ ይሰጣል። ለጂፒ ቀጠሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከስልክ ጋር መታገል ቀረ። ስትሄዱ ከሻንጣ የተረፈውን አሞክሲሲሊንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ተቀብለው ያስወግዱታል። እኔ የእኔን ያስረከብኩት ያኔ ነው፣ ሽሮውን ግን አልሰጠሁም።