ዲዋኒያ ተጋብዘህ ስለ ግድቡ ቢጠይቁህ (መልስ)

አሠሪህ ዲዋኒያ ጠርቶህ «ልሂድ ወይስ ልቅር? ስጦታስ ልያዝ? ስለ ግድቡ ቢጠይቁኝስ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሂድ። ኩዌት ውስጥ አሠሪህ ራሱ ዲዋኒያ ከጠራህ፣ መቅረቱ ነው የሚያስከፋው። ስጦታ አያስፈልግም። ዲዋኒያ ቤተሰቡ ለወንድ እንግዶች የሚከፍተው ትልቅ ክፍል ነው፤ ገበያውም ምርጫውም የዓለም ፖለቲካውም እዚያ ይወራል።

1. ስትገባ «አሰላሙ አለይኩም» በል፤ ከቀኝህ ጀምረህ ሁሉንም ጨብጥ።

2. ቡናውን በቀኝ እጅህ ተቀበል። የእኛን ቡና እንዳትጠብቅ፣ ሄል የበዛበት ፈዛዛ ነገር ነው። ሲበቃህ ሲኒውን ነቅነቅ አድርገህ መልስ፤ አለዚያ መቅዳታቸውን አይተዉም።

3. ስለ ህዳሴ ግድብ ከጠየቁህ አጭር መልስ ስጥ። ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በቃ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የአረብ ሊግ 22 አባላት አሉት፤ ግብፅና ሱዳን አሉበት፣ እኛ የለንበትም። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዶሃ ላይ ተሰብስበው የጸጥታው ምክር ቤት በግድቡ ጉዳይ እንዲገባበት የጠየቁት የሊጉ አገሮች ናቸው። ስለዚህ የቤቱ ስሜት ወዴት እንደሚያደላ ገምት።

እኔ አንዴ ከአንድ ግብፃዊ እንግዳ ጋር ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራከርኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ቡናም ቀዱልኝ። ጋባዤ ግን ዳግም አልጠራኝም።