መልስ፦ ጥላ ቦታ ላይ ሣር እምቢ ላለሽ

እህቴ ደብረ ብርሃን ከቤት ጀርባ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ሣር እምቢ አለኝ ምን ልትከል ላልሽው፣ እኔ ብሆን ቪንካ የሚባለውን መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚሸፍን ሐረግ ነበር የምተክለው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው አበባው ሰማያዊ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ የኅዳርን ውርጭም ይችላል። ብቻ ችግኝ ቤት ቪንካ ስትያቸው ያንን ሮዝ አበባ ያለውን ፀሐይ ወዳድ እንዳይሰጡሽ፣ እሱ ሌላ ነው፣ ውርጭ ይጨርሰዋል።

ብዙ መግዛት አያስፈልግም፣ ሐረጉ አንጓው መሬት ሲነካ ሥር ያወጣል፣ እሱን እየቆረጥሽ ሰኔ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መትከል ነው። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ክረምት ውኃ ስለሚቋጥር ኮምፖስት ቀላቅለሽ መደቡን ከፍ አርጊው። ድፍን ጥላ ከሆነ አበባው ያንሳል። ትልቅ ቅጠል ያለው ዓይነት የጎረቤት ግቢ ድረስ ይሄዳል፣ ትንሽ ቅጠሉ ይሻላል። በግ ካለሽ ደግሞ አታስበዪው፣ መርዝነት አለው።