ትኬት ቆርጦ መቅረት

እህቴ፣ ወንድምሽ ከጀርመን ሊመለስ በሰዓቱ ኤርፖርት ደርሶ «ወንበር ሞልቷል» መባሉ በጣም ያናድዳል። «የከፈልንበትን ወንበር ለሌላ መሸጥ ሌብነት አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጅማ 6 ዓመት ትኬት ስለሸጥኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መናኸሪያችንን አስቢው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አውሮፕላን ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። በሩ ከተዘጋ ባዶው ወንበር ነገ አይሸጥም።

የሚቀር ሰው ደግሞ አይጠፋም። አንድ ክረምት ደንበኛዬ የሆኑ ቡና ነጋዴ ማታ ደወሉልኝ። ግቤ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቷል። በስልኩ ውስጥ የተሰለፉት መኪኖች ጡሩንባ ይሰማኛል። የበረራቸውን ቀን ቀየርኩላቸው፤ የዚያ ሌሊት ወንበራቸው ግን ባዶውን በረረ።

ኩባንያዎች ይህን ከድሮ መዝገብ ይገምታሉ። እንበል 100 ወንበር አለ፤ 5 ሰው ይቀራል ብለው ካሰቡ 103 ወይም 104 ትኬት ይሸጣሉ። ሰው ቢተርፍ የሚከፍሉት ካሳ ትንሽ ከሆነ የበለጠ ይደፍራሉ። ነገሩ ሁሉ እዚች ላይ ነው።

ሌብነት ነው አልልም። ወንበር ባዶውን ሲበር ኪሳራው ዞሮ ዞሮ የእኛው ትኬት ዋጋ ላይ ያርፋል። በደሉ ያለው «ማን ይቅር?» የሚለው ላይ ነው። ጁሊያን ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1968 ቀላል መላ አመጣ፦ ተሳፋሪዎቹ ስንት ቢከፈላቸው እንደሚቀሩ ይጠየቁ፣ ትንሽ የጠየቀው ገንዘቡን ተቀብሎ ይቅር። አሜሪካ ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋለችው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። የማይቸኩል ሰው ተደስቶ ይቀራል፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይሄዳል። ከዚህ የተሻለ ፍትሕ አላየሁም።

ወንድምሽ የተነሳው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ስለሆነ ሕጉ ከጎኑ ነው። መጀመሪያ በፈቃዱ የሚቀር ሰው መፈለግ ነበረባቸው። በግድ ካስቀሩት፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ እንዲህ ያለ ጉዞ ካሳው 600 ዩሮ ነው። በሌላ በረራ ከ4 ሰዓት ባልበለጠ መዘግየት ካደረሱት ግማሹን ሊቀንሱ ይችላሉ። እስኪሳፈር ድረስ ምግቡ፣ ማደር ካለበትም ሆቴሉ በእነሱ ነው። በገንዘብ ፋንታ ቫውቸር የሚሰጡት ፈርሞ ከተስማማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውይና ምን ላይ እንደፈረመ ጠይቂው። «በፈቃዴ ቀርቻለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረመ የሚያገኘው የተስማማበትን ነው። ካልፈረመ የትኬቱን ማረጋገጫና እዚያ የሰጡትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።